አብራችሁ ናችሁ?

እግር አብሮ አይባልም፣ እግር መግጠም ነው የሚባለው፣ ወይ ጎን ለጎን ማድረግ፣ ይቺ ሐኪም ግን ለሁሉም ነገር አንድ ቃል ብቻ ነው ያላት፣ ፊት ቱጌዘር ትላለች፣ ፊት ቱጌዘር፣ ጎንበስ ብላ የገዛ ጫማዎቿን ግጥም አድርጋ እያሳየች፣ አሮጊቷ ታካሚ ደግሞ የሆስፒታሉ አልጋ ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ ፊታቸውን ይዳብሳሉ፣ ፊቴ ደግሞ ምን ሆነ አለች ይቺ ሎጋ፣ የተሰበረው ዳሌዬ። ፊት ማለት በነሱ እግር ነው እማማ፣ ትላቸዋለች ምራታቸው ከፕላስቲክ ወንበሯ ሳትነሳ፣ እግር በየት በኩል ዞሮ ፊት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። እሺ፣ ቱ የምትለውስ ማንን ነው፣ ይላሉ አሮጊቷ፣ በቱ የሚጀምር ቃል መቼም ደህና ነገር አይወጣውም።

መሳቅ ነበረባት። ሳቋ ደረቷ ድረስ ይመጣና እዚያው ቁጭ ይላል፣ እሱም ደክሞታል።

ሎጋዋ ያልተተረጎመላትን ቀልድ አብራ ትስቃለች፣ ልጅ ናት፣ ከየት አገር እንደመጣች ማንም በቅጡ አያውቅም፣ የተሰበረ ሰው አቁሞ ማስኬድ ነው ሥራዋ፣ ረጅም ስለሆነች አማቷ ሎጋዋ አሏት፣ ነርሶቹም ከሳቸው ተቀብለው ሎጋዋ ይሏታል፣ ራሷም ስትጠራ አቤት ማለት ጀምራለች። ቱጌዘር ትላለች ሎጋዋ፣ እንግዲህ አሁን ደግሞ እጅ ነው፣ ሁለቱም እጆች የብረት መራመጃው ላይ፣ አማቷ ይይዛሉ፣ ከዚያ ትዞርና ወደ ወንበሩ ትጠቁማለች፣ አንቺም ነይ ማለቷ ነው፣ በግራ እሷ፣ በቀኝ ሎጋዋ፣ ቱጌዘር፣ ዋን፣ ቱ፣ ስሪ፣ ሆፕ፣ አሮጊቷ ይነሳሉ፣ ክብደታቸው ሁሉ በግራ በኩል የመጣ ይመስላታል፣ ሁሌም በግራ በኩል ነው የሚመጣው፣ ወገቧ ውስጥ አንድ ነገር ቋ ይላል፣ አይዞሽ ትላለች ለወገቧ፣ አይዞዎት እማማ ትላለች ጮክ ብላ።

ቃሉን ማንም አላስተማራትም፣ ጨለማ ቤት ውስጥ ዕቃ በመዳሰስ እንደሚለይ ሰው እየነካካች ነው የለየችው። እግር ሲገጥም ቱጌዘር ነው። ሦስት ሰው እኩል ሲያነሳ ቱጌዘር ነው። ትናንት ደግሞ ሎጋዋ ወደ አሮጊቷ ጠቆመች፣ ወደ እሷ ጠቆመች፣ ሁለት መዳፎቿን እንደ ቤት ጣሪያ አገጣጠመችና ቱጌዘር ብላ ጠየቀች፣ አንድ ቤት ነው የምትኖሩት ማለቷ ይሆናል፣ አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች፣ አንድ ቤት። አንድ ቃል ሦስት ሥራ ይሠራል፣ እንደ እሷው፣ ቀን መጋረጃ ሰፊ፣ ማታ አስታማሚ፣ ሦስተኛው ምን ነበር፣ ሦስተኛው ሚስት ነበር፣ እሱ ቀረ፣ አይ አልቀረም፣ ሚስትነቱ ቀርቶ ምራትነቱ ነው የቀረው፣ እንዲህ ያለ ነገር አለ እንዴ፣ ዛፉ ተቆርጦ ጥላው የሚቀር።

በኛ ቋንቋ ቢሆን ይለያል። አብሮ አለ፣ አንድ ላይ አለ፣ ተጋግዞ አለ፣ በጋራ አለ፣ በጋራ የስብሰባ ነው፣ ሰው ቤቱ ውስጥ በጋራ አይልም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ አብራችሁ ናችሁ ሲል ሂሳቡን ነው። ባለሱቁ አንድ ላይ ላድርገው ሲል ስኳሩንና ሳሙናውን ነው። ጎረቤት አብረው እኮ ናቸው ስትል ግን ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፣ ያኔ ሌላ ነው፣ ያኔ አልጋ ነው። ስለ ባሏም እንደዚያ ነበር የሰማችው፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ ካቻምና፣ ከባለፋርማሲዋ ጋር አብረው እኮ ናቸው፣ አታውቂም እንዴ። ታውቅ ነበር። ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ መስማት ሌላ።

አማቷ አራት እርምጃ ይራመዳሉ፣ አምስተኛው ላይ ይቆማሉ፣ በቃኝ ይላሉ፣ መንገዱ የት ይሄድብኛል። ሎጋዋ ጉድ ትላለች፣ ጉድ ማለት በነሱ ጎሽ ነው፣ አሮጊቷ ግን ጉድ መባሉን አልወደዱትም፣ ጉድስ አንቺ፣ በዚህ ቁመትሽ ባል የሚያገኝሽ በመሰላል ነው ይሏታል፣ ልጅቷ እንደገና ትስቃለች።

ዛሬ ይወጣሉ። አልጋው ይፈለጋል፣ ለሌላ ለተሰበረ ሰው። ጠዋት ደረጃውን ስትወጣ አንድ ሐሳብ መጥቶባታል፣ እሷ አልጠራችውም፣ ራሱ ነው የመጣው፣ ልጃቸው ይውሰዳቸው፣ እንዲህ ነው የሚለው፣ አጭር ነው፣ ልጃቸው አይደለም እንዴ፣ እኔ ምናቸው ነኝ፣ ከዚያ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አፈረች፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደግሞ ማፈሩም ደከማት።

ያን ጊዜ ባሏ ሻንጣውን ሲሞላ አማቷ እንደዚሁ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያዩት ነበር። ሸሚዞቹን እንደ ሆቴል ፎጣ አስተካክሎ ያጥፍ ነበር፣ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነው፣ ሁሉን ነገር በሥርዓት ነው የሚያደርገው፣ ሲከዳም በሥርዓት ነው። እማዬ ተነሺ፣ መኪናው እየጠበቀ ነው አላቸው። ወዴት። ወደ አዲሱ ቤት ነዋ። እሳቸው ሻሻቸውን ፈተው እንደገና አሰሩ፣ ቀስ ብለው፣ ከዚያ፣ ልጄ፣ ሚስትህን የፈታኸው አንተ ነህ፣ እኔ መች ከሷ ተፋታሁ አሉት። ሻንጣው ሲዘጋ ኩሽና ውስጥ ነበረች፣ ሰምታለች፣ ድስቱን እያጠበች ነበር፣ ከታጠበም በኋላ ማጠቡን አላቆመችም።

ቅዱሳን ሆነው ኖሩ ማለት አይደለም። እማማ ሬዲዮ ያስጮሃሉ። ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ፣ መስኮቱን ክፈቺ፣ ብርድ ገባ ዝጊ። ተኮራርፈው ሳምንት በግድግዳው በኩል ያወሩበት ጊዜ አለ፣ አንቺ ግድግዳ፣ ለዚያች ሴትዮ ሻይ እንዳማረኝ ንገሪልኝ ይላሉ፣ ግድግዳ ሆይ፣ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ነው በያቸው ትላለች እሷ። ከዚያ በሩ ጋ ያለችው እርከን ላይ ወደቁ፣ ዳሌያቸው፣ ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል፣ ስፌት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ስፌት ቤት፣ መርፌው ሁለት ጊዜ ጣቷን በላት፣ አለቃዋ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እህቴ፣ እኔም እናት አለችኝ፣ ይገባኛል፣ ግን ወይ ስፊ ወይ አስታምሚ፣ ሁለቱን ባንድ እጅ አይሆንም አላት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር፣ የተቆጣን ሰው መልሶ መቆጣት ይቻላል።

በሩ ይንኳኳል፣ ክፍት ነው፣ እሱ ግን ክፍት በርም ያንኳኳል፣ የሥራ ልማድ ነው። ሸሚዙ ነጭ፣ ሽቶው ከፊቱ ይገባል። እንደምን አደራችሁ፣ እማዬ እንዴት ነሽ፣ ግንባራቸውን ይስማል፣ ወደ እሷ ራሱን ዘንበል ያደርጋል፣ ሻንጣ ለያዘ እንግዳ ዘንበል እንደሚል፣ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ። ደህና አይደለችም ግን የሚጠየቀው ያ አይደለም።

ሎጋዋ ቋንቋ የሚችል ሰው በማግኘቷ ፊቷ ይበራል፣ ሁለቱም ይንጣጣሉ፣ እንግሊዝኛው ከአፉ እንደ ዘይት ነው የሚፈሰው፣ ድሮ ይህን ስትሰማ ትኮራ ነበር፣ ባሌ እንዲህ ያወራል ትል ነበር፣ አሁን የሌላ ቤት ሬዲዮ ነው። ትሰማለች፣ አንዱንም አትይዝም፣ ዝናብ ነው፣ ከዝናቡ መሀል ግን አንዷን ጠብታ ታውቃታለች። አር ዩ ቱጌዘር፣ ትላለች ሎጋዋ፣ ጣቷ ከሱ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እሱ እየሄደ። እሱ ምንም አያስብም፣ የስ፣ የስ፣ ቱጌዘር፣ ይላል፣ ፈገግታውም ያው የሥራው ነው።

እግር አይደለም። ማንሳትም አይደለም።

ምን አለችህ፣ ትለዋለች። ማን። እሷ ናታ፣ ምን ብላ ጠየቀችህ። እ፣ ምንም፣ የተለመደ ነው፣ አብራችሁ ናችሁ ወይ ነው ያለችው። አንተስ። ነን አልኳት። ነን። ለማሳጠር ነው እኮ፣ አሁን ለሷ የኛን ታሪክ ከየት ጀምሬ ልንገራት፣ ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለማሳጠር። ለማሳጠር፣ ለማሳጠር፣ መጋረጃ ነው የሚያጥረው፣ ሁለት ዓመት ያጥራል እንዴ፣ ያን ሁሉ ሌሊት፣ ያንን ለብቻ የተኛችበትን ሰፊ አልጋ፣ ያን ሁሉ አንቺ ነይ እስኪ ውሃ አቀብዪኝ፣ አጥፎ አጥፎ የስ የስ አደረገው። አልተናደደችም፣ የሚገርማትም ይኸው ነው፣ ንዴቱን ትፈልጋለች፣ ቦታው አለ፣ እሱ ግን የለም፣ ለመናደድ እንኳ ተኝቶ መነሳት ያስፈልጋል።

ሎጋዋ ታስረዳለች፣ እሱ ይተረጉማል፣ አሁን ቋንቋው የመሥሪያ ቤት ነው፣ እንግዲህ ታካሚዋ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ያለማቋረጥ ክትትል ያስፈልጋታል፣ ማታም ጭምር፣ ስትነሳ ስትቀመጥ የሚደግፋት ሰው ከጎኗ ሊለይ አይገባም፣ ብቻዋን ከተነሳችና ከወደቀች ግን፣ እዚህ ላይ ያቆማል። ከዚያ ወደ እሷ ያያል። አይጠይቃትም። መጠየቅ ዱሮም አያውቅበትም፣ ዝም ብሎ ቦታውን ይተውልሻል፣ አንቺ ትገቢበታለሽ። እማዬ መቼም ለምዳሻለች ይላል፣ ያንቺ እጅ ነው የሚያድናት፣ እዚያ ደግሞ ደረጃው አለ፣ እሷም ሥራ ላይ ናት፣ እሷ ማለት ባለፋርማሲዋ ናት፣ እኔ የሚያስፈልገውን ሁሉ እያመጣሁ፣ አታስቢ።

አፏ ይከፈታል። እሺ ሊል ነው፣ ታውቀዋለች፣ እሺ ምላሷ ላይ ተቀምጧል፣ እሷ ሳታዘው ራሱ ሊወጣ ነው፣ ስንት ዓመት ራሱ እየወጣ ኖሯል። ሎጋዋም የስ ልትባል ትጠብቃለች፣ ዓይኗ ንጹሕ ነው፣ ባልና ሚስት አግኝታ፣ አሮጊቷ ሁለት ሰው አገኙ ብላ ደስ ብሏታል፣ ይቺን ልጅ መዋሸት እንዴት ያለ ነገር ነው። ኖ፣ ትላለች። ድምፁ ከማን እንደወጣ ለማወቅ ዞር ልትል ምንም አይቀራት። ኖ ቱጌዘር፣ ትላለች፣ በጣቷ ወደ እሱ፣ ወደ ራሷ፣ እኔና እሱ፣ ኖ፣ ከዚያ ሌላ ቃል የላትም፣ ሁለት እጆቿን ገጥማ ትለያያቸዋለች።

ሎጋዋ ትቀላለች፣ ሶሪ፣ ሶሪ። እሱ ደግሞ፣ ምን ሆንሽ አንቺ፣ በሰው ፊት፣ ምን አስፈለገ አሁን፣ ይላል በጥርሱ መሀል።

ከልጄ ጋር ነው የምሄደው።

አሮጊቷ ናቸው። መራመጃውን ይዘው፣ ወደ ማንም ሳያዩ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገሩት። እማዬ፣ ይላል እሱ፣ ነገርኩሽ እኮ፣ ደረጃ አለው፣ ሃያ ደረጃ ነው። ተሸከመኛ፣ ይሉታል፣ እኔም ተሸክሜሃለሁ፣ ያውም ሳላይህ። እማዬ፣ ሌላ ሰው አለ እዚያ፣ መንገር፣ ማማከር። አማክራታ፣ ፋርማሲ አይደለም እንዴ ያላት፣ ለኔ የሚሆን መድኃኒት አታጣም፣ ሂድና መኪናህን አቅርብ። ይቆማል፣ ሸሚዙ እንደ ነጣ ነው፣ ከሸሚዙ በላይ ያለው ግን የልጅ ፊት ነው፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ትተውት የሄዱት ልጅ፣ ከዚያ ይወጣል፣ በሩን ሳያንኳኳ። ሎጋዋም ተሽከርካሪ ወንበር ላምጣ በሚል ዓይነት ምልክት ተከትላው ትወጣለች።

ጠዋት ደረጃው ላይ የተመኘችው ይኸው ነበር። ቃል በቃል። ታዲያ ለምን ደስ አላላትም። ምን አጠፋሁ እማማ፣ ትላለች፣ ድምፅዋ ይሰነጠቃል፣ የሰሙኝ እንደሆን፣ እኔ እሱን ነው እንጂ ኖ ያልኩት፣ እርስዎን አይደለም።

ነይ ቁጭ በይ፣ አጠገባቸው አልጋውን መታ መታ ያደርጋሉ፣ ትቀመጣለች። አላጠፋሽም። ማታ ማታ ስጠራሽ ስትነሺ ጉልበትሽ ሲንቋቋ እሰማለሁ፣ የኔው አጥንት አልበቃ ብሎ ያንቺንም ማድመጥ ጀመርኩ፣ ገና ሴት ነሽ፣ አሮጊት አስመሰልኩሽ። እኔ መቼ አልኩ። አላልሽም፣ ብትዪኝ ኖሮ እሰድብሽና ይወጣልን ነበር፣ ዝም አልሽ፣ ዝምታሽ ነው ያስፈራኝ። እዚያ ማን ያነሳዎታል፣ ትላለች፣ በግራ በኩል መሆኑን ማን ያውቃል። ይማራል፣ ይላሉ፣ እናቱ ምን ያህል እንደምትመዝን አያውቅም እኮ፣ ሰው እናቱን ሳይመዝን መሞት የለበትም። ከዚያ፣ ለመሆኑ ያቺ ልጅ ስትለው የከረመችው ነገር ትርጉሙ ምንድነው፣ ይጠይቃሉ። አብሮ ማለት ነው እማማ፣ አንድ ላይ። እንደኔና እንዳንቺ። አዎ። እንዲህ ያለውን ነገር ነው በቱ የሚጀምሩት፣ ይላሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ከዚያ እጃቸውን እጇ ላይ ይጭኑታል፣ ሻካራ ነው፣ ሞቃት ነው፣ እሁድ እሁድ ነይ፣ ግን ልታስታምሚኝ እንዳትመጪ፣ እንደ ሰው ነይ፣ እንግዳ ሆነሽ፣ ያቺ ሴትዮ ሻይ ታቅርብልሽ።

ያኔ ሁለቱም ይስቃሉ፣ አሮጊቷ ሳቁ ዳሌያቸውን ሲወጋቸው ያቃስታሉ፣ እያቃሰቱ ይስቃሉ።

መኪናው በሩ ላይ ነው። የፊተኛው ወንበር ወደ ፊት ተስቦ፣ የኋላው ላይ ፍራሽ ነገር ተደርጓል፣ ይህን ያህል እንኳ አስቧል። ሎጋዋ የአሮጊቷን እግሮች ይዛለች፣ እሱ በቀኝ፣ እሷ በግራ፣ እጆቻቸው ከአሮጊቷ ጭን ሥር ይገናኛሉ፣ መያዣ የለም፣ የእጁን አንጓ መያዝ አለባት፣ ትይዘዋለች፣ ያውቀዋል እጇ፣ ያቺን ከሰዓቱ ማሰሪያ ሥር ያለችውን ጠባሳ ሳይቀር ያውቃል፣ ግን እንደ ድሮ ሠፈር ነው፣ ታውቂዋለሽ፣ ቤት የለሽበትም። ሎጋዋ ቃሏን ትላለች፣ ዋን፣ ቱ፣ ስሪ፣ ያነሳሉ። ከበደች ይላል እሱ ትንፋሹ ቁርጥ ብሎ። ከባድ ናቸው ትለዋለች፣ ጉልበትህን እንጂ ወገብህን አትጠፍ፣ ሌሊት ሲጠሩህ መብራት ሳታበራ አትነሳ፣ ሁሌም በግራ በኩል ነው የሚደገፉት። እሺ ይላል። ሌላም ሊል ነበር፣ ከንፈሩ ተንቀሳቅሷል፣ ምናልባት ይቅርታ ነው፣ ምናልባት መንገድ መዝጋቱ አሳስቦት ነው፣ ከኋላ ጥሩንባ ይነፋሉ፣ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። አማቷ በመስኮቱ እጃቸውን አያውለበልቡም፣ ወደ ፊት ነው የሚያዩት፣ ቀጥ ብለው፣ ወደ ሥራ እንደሚሄድ ሰው። መኪናው ይታጠፋል። ሎጋዋ ትከሻዋን ነካ ታደርጋታለች፣ ትገባለች፣ ሌላ የተሰበረ ሰው ይጠብቃታል።

አውቶቡስ። መስኮት አጠገብ። ፀሐይዋ ጉልበቷ ላይ ናት፣ ስፌት ቤት ደውዬ ነገ እገባለሁ ልበል፣ አሁን አይደለም፣ ቤት ስደርስ፣ የእማማን አንሶላ ማጠብ አለ፣ ለማን ነው የሚታጠበው፣ ለእሁድ እወስደዋለሁ፣ አይ እንግዳ አንሶላ ይዞ አይሄድም፣ ብርቱካን ነው የሚይዘው፣ ስንት ብርቱካን፣ ሬዲዮኑን አልወሰዱትም፣ ለምን ረሱት፣ አልረሱትም፣ እሳቸው አይረሱም፣ መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ ነው ብዬ ነግሬዋለሁ ወይስ አልነገርኩትም፣ ባለፋርማሲዋ ታውቃለች፣ ደግሞ እሷ፣ ደረጃው ሃያ ነው አለ፣ አሁን አምስተኛው ላይ ይሆናሉ፣ አሁን በቃኝ መንገዱ የት ይሄድብኛል እያሉት ነው፣ ቀጥሎ

እህቴ፣ እህቴ፣ መጨረሻው ነው።

ዓይኗን ትከፍታለች። ሹፌሩ ነው፣ ሽበታም ሰውዬ፣ ከፊቷ ያለውን ወንበር ተደግፎ ያያታል። አውቶቡሱ ባዶ ነው። ውጪው የማታውቀው ሠፈር ነው፣ አጥር፣ የተደረደረ ጎማ፣ ግድግዳ ጥግ የተኛ ውሻ፣ መውረጃዋን አልፋ፣ ገበያውን አልፋ፣ ድልድዩን ሁሉ አልፋ መጥታለች፣ በሕይወቷ እንዲህ ተኝታ አታውቅም፣ ልቧ ድንግጥ ይላል፣ ስንት ሰዓት ሆነ፣ ብቻቸውን ናቸው፣ ውሃ፣ ከዚያ ታስታውሳለች። ልቧ መደንገጡን ይቀጥላል፣ አልተነገረውም ገና።

አሳለፍሽ አይደል፣ ይላል ሹፌሩ፣ ችግር የለም እናት፣ እንመለሳለን፣ ግን ካልሞላ አልንቀሳቀስም፣ እዚህ ደግሞ ሲሞላ ይቆያል፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ የምትቸኩዪ ከሆነ ማዶ ታክሲ አለ።

ማዶ ታያለች። ታክሲው አለ፣ በሩ ክፍት ነው፣ አንድ ሰው ቢቀረው ነው።

አልቸኩልም፣ ትላለች። ቃሉን ከተናገረችው በኋላ ነው የምትሰማው፣ አልቸኩልም፣ የሷ ድምፅ ነው፣ እውነትም ነው፣ ማንም የትም አይጠራትም፣ ይህ ነገር ደስ ይላል ወይስ ይከፋል፣ ለመለየት ትሞክራለች፣ ዓይኖቿ ግን እምቢ ይላሉ፣ ከባድ ናቸው፣ ከማንም ይከብዳሉ።

በይ ተኚ እንግዲህ፣ ይላል ሹፌሩ ወደ በሩ እየወረደ፣ ሲሞላ ቀሰቅስሻለሁ፣ የት ነበር መውረጃሽ። ትነግረዋለች። በስሟ እንኳ አያውቃትም፣ ታምነዋለች። ጭንቅላቷን ሙቀት በያዘው መስታወት ላይ ታሳርፋለች፣ ማልቀስ ካለ ከእንቅልፍ በኋላ ይሆናል፣ ስፌት ቤቱም ከእንቅልፍ በኋላ፣ እሁድም ገና ነው፣ አንድ ሰው ይገባል፣ ወንበር ይንቋቋል፣ ሌላ ሰው፣ ገና ብዙ ባዶ ቦታ አለ፣ አሁን ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ